ኑክሌር ይዛ ወደ ኮሶበር

ረቡዕ

እንጅባራ፣ ነባሩ ሰው ኮሶበር የሚላት ከተማ፣ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ብርዱ አለ፤ እደርስበታለሁ። ከብርዱ በፊት ግን ለምን እንደሄድኩ መናገር አለብኝ፤ የገጠመኝ ጣጣ ሁሉ የተነሳው ከዚያ ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ትምህርቴ አገሮች ሳይዋጉ እንዴት እንደሚፈራሩ ነው። ሠርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሥራዬን ጠይቆኝ ይህን ስመልስለት፣ "እግዜር ይርዳሽ" ይልና ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ ያዞራል። የቀድሞ ተማሪዬ ይበልጣል ግን ፊቱን አላዞረም። ተመርቆ አገሩ ገባ፤ አሁን እንጅባራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። አንድ ቀን ደወለና፣ "ተማሪዎቼ አፋጠውኛል። ኑክሌር እያለ ወታደር ምን ይሠራል ይሉኛል። እርስዎ ይምጡና ይገላግሉኝ" አለኝ። እኔን ደግሞ ነይ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ብዙ የለም። ሄድኩ።

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ ነው። ከሻንጣዬ ሌላ አንድ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ይዣለሁ። ውስጡ የዓለም ካርታ አለ፤ ኑክሌር ያላቸው አገሮች ቀይ ተቀብተዋል፣ እነዚሁ አገሮች ወታደር ያሰፈሩባቸው ቦታዎች ሰማያዊ ነጥብ ተደርጎባቸዋል። ለማስተማሪያ ደህና ነገር ነው። ለመንገድ ግን መጥፎ ጓደኛ ሆነብኝ። ሚኒባሱ ውስጥ መሬት ላይ ሳስቀምጠው ሰው ይረግጠዋል፣ ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው የሾፌሩን ጆሮ ይነካል፣ ሳቆመው ጣሪያውን ይመታል። አዲስ አበባ ቢሆን ሰው ተቆጥቶ ዝም ይል ነበር። እዚህ ግን ተሳፋሪው ሁሉ አማካሪ ሆነልኝ። በመጨረሻ አራት ሰው በየጭኑ ላይ አጋድሞ ተሸከመልኝ፤ እስከ መራዊ ድረስ ልክ ቃሬዛ መሰለ።

ፍተሻ ላይ ወረድን። አንድ ለግላጋ ወታደር ቱቦውን አየና፣ "እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። እናቴ መባሌ ትንሽ ቆጠቆጠኝ፤ ገና አምሳ ዓመቴ ነው።

"ካርታ ነው።"

"የምን ካርታ?"

ሌላ ሰው ቢሆን "የትምህርት" ብሎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ጥያቄ ሲመጣልኝ አጭር መልስ አላውቅም። "ኑክሌር ያላቸው አገሮች ካርታ" አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፉት ተሳፋሪዎች ጸጥ አሉ። ወታደሩ ካርታውን የሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ዘረጋው።

"ቀዩ?"

"ቦምቡ ያላቸው።"

"ሰማያዊ ነጥቡስ?"

"ወታደሮቻቸው የቆሙበት።"

ጎንበስ ብሎ ቆየ። "ቦምብ እያላቸው ወታደር ምን ያደርግላቸዋል?"

"እሱን ነው ላስተምር የምሄደው።"

"ተማሪዎቹ ታድለዋል፤ እኔ እዚሁ ቆሜ ነው የምማረው" አለና ካርታውን በጥንቃቄ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ ግን ቱቦውን በጭኑ ለመያዝ የተነሳሳ ሰው አልነበረም። እስከ ዳንግላ ድረስ ብቻዬን አቀፍኩት።

ዳንግላ ስደርስ ዝናብ ያወርደዋል። ያረፍኩት እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ቤት ነው፤ ስድስት ክፍል ያላት፣ ግቢዋ ሁሉ ጌሾ የሆነ ማረፊያ። ቀኑ ጾም ነበርና ሽሮና የተቀቀለ ድንች አቀረቡልኝ። አዲስ አበባ ድንች ወጥ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ምስኪን ነገር ነው። እዚህ ግን ድንች ራሱን ችሎ፣ ከነልጣጩ፣ በዳጣ ታጅቦ ይመጣል፤ እንደ ትልቅ ሰው። አራት በላሁ። እትዬ ብርቄ አምስተኛውን በእጃቸው ልጠው አጎረሱኝ።

"ይሄ ቧንቧ ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ እያጎረሱኝ።

አፌ ሙሉ ነበር። ከሁሉ የቀለለውን ቃል መረጥኩ። "ኑክሌር" አልኩ።

ዋጥኩና ላስረዳ ስሞክር መብራት ጠፋ። በሻማው ግርግር ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያም አንዲት ጥያቄ ጠየቅኩ። ይበልጣል በስልክ ከከተማው ዳር ፈረስ የሚጋልቡበት የሚያምር መስክ አለ ብሎኝ ስለነበር፣ "እትዬ ብርቄ፣ ኮሶበር አጠገብ ያለው ያ ሰፊ ሜዳ ከመንገዱ ይርቃል?" አልኳቸው። እሳቸው ቱቦውን አዩ። እኔን አዩ። "ምን ያደርግልሻል?" አሉ።

"ላየው ነው" አልኩ።

የእትዬ ብርቄ ግቢ ኔትወርክ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በርሜሉ አጠገብ። እዚያ ቆመው ጃንጥላ ይዘው ኮሶበር ላለች እህታቸው ሲደውሉ ከክፍሌ እሰማ ነበር። የዝናቡ ድምፅ ንግግራቸውን ቆራርጦ ነው የሚያደርሰው። "አዎ፣ ከአዲስ አበባ!"፣ "ካርታ ይዛለች!"፣ "ሜዳውን!" ይላሉ። ስለ እኔ በኩራት እየተናገሩ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐሙስ

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሩቅ አይደለም። ቅርቡን ያረዘመው ጎማችን ነው፤ አዲስ ቅዳም ከተማ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ፈነዳ። መለዋወጫ ጎማው ደግሞ ራሱ ለጥገና ባሕር ዳር ሄዷል። ሾፌሩ ይህን ሲነግረን ዘመድ የታመመበት ሰው ይመስል ነበር።

መንገዱ ግራና ቀኝ ደከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው፤ ገበሬው እንደ እህል ይዘራዋል፣ ሲደርስ ያከስለዋል፣ የከሰሉ ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል። አዲስ አበባ ከሰል ስገዛ ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም። ከሰሉን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ቆመን አይታ፣ "ኧረ ተቀመጡ፣ መሬቱ ርጥብ ነው" ብላ ጆንያዎቹን አጋደመችልን፤ ከምሳዋም ቆሎ ዘገነችልን። ደግነቷን አልረሳውም። ቀሚሴም አይረሳውም፤ ክሬም ቀለም ያለው ነበር። ጎማ ከአዲስ ቅዳም በጋሪ መጥቶ ስንሳፈር ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ሳቁን መዋጥ አቅቶት አሳለው።

እንጅባራ ጀርባዬ ጥቁር ሆኖ፣ ቱቦዬን እንደ ጠመንጃ አንግቼ ገባሁ።

ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ ቱቦውን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። "ይሄ ነው?" አለኝ። "ምኑ?" አልኩት። "ተዪው" አለና ወሰደኝ፤ ግን መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ እኔን ነው የሚያየው። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጠይቅ፣ ሲጫወቱ የነበሩ ሦስት ሰዎች ዝም አሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ በአዊኛ ተነጋገሩ። አዊኛ አልሰማም። አንድ ቃል ብቻ ለየሁ፤ እሷም "ኑክሌር" ናት። ይበልጣል የትምህርቱን ማስታወቂያ በደንብ ለጥፎታል ማለት ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩት።

ብርዱ ይኸውላችሁ። የእንጅባራ ብርድ ከአዲስ አበባው ጋር አይገናኝም። የአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል፤ ይሄኛው ቤተኛ ነው፣ አብሮ ይበላል። የይበልጣል ሚስት ጸዳለ፣ እጄን ስትጨብጠኝ ደንግጣ እሳት ዳር አስቀመጠችኝ፤ ቀሚሴን አወለቀችና በጋቢ ጠቀለለችኝ። የገብስ እንጀራ በቅቤ ከራሰ የድንች ወጥ ጋር፣ ከላይም ማር አቀረበችልኝ። ሁሉንም አንድ ላይ ስበላ የሰውነቴ ክፍሎች በየተራ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

"ሰዉ ስለ ትምህርቱ በደንብ ሰምቷል" አልኩት ይበልጣልን።

"ከየት? ማስታወቂያውን ገና ነገ ነው የምለጥፈው" አለ።

ዓርብ

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ሜዳውን ላየው ወጣን። ቱቦውን ይዤ ነበር፤ ከሜዳው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ እንድናልፍ ብዬ ነው። ጉሙ ገና አልተነሳም። ሳሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ በጣም ሰፊ፣ በጣም አረንጓዴ መስክ ነው። "እንዴት ያምራል!" ብዬ እጄን ዘርግቼ ከዳር እስከ ዳር አሳየሁ።

ጉሙ ሳሳ ሲል ፈረሶቹን አየን።

ከሜዳው ማዶ ተደርድረው ቆመዋል። ምናልባት አርባ ይሆናሉ፤ ቆሜ አልቆጠርኩም። ፈረሰኞቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዝም ብለው ያዩናል። የሚጮህ የለም፣ የሚመጣ የለም። አንድ ሁለት ፈረስ ያናፍጣል፣ በቃ።

"የፈረስ ግልቢያ ልምምድ ነው?" አልኩ።

"ዛሬ ልምምድ የለም" አለ ይበልጣል።

ወደ ግራ ጥቂት ተራመድኩ። ሰልፉ ወደ ግራ ተራመደ። ወደ ቀኝ ተመለስኩ። ሰልፉም ተመለሰ። ቆምኩ። ቆሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሳልኩ ያስተማርኩት ነገር ፊት ለፊቴ ቆሟል። በመጽሐፍ ላይ "የኃይል ማሳያ" ይባላል። በመጽሐፍ ላይ ግን ፈረሶቹ አያናፍጡም።

ይበልጣል "ልጠይቃቸው" ብሎ ሄደ። ከሩቅ ሲነጋገሩ አያለሁ፤ እጃቸውን ወደ ቱቦው ይጠቁማሉ። ከዚያ ይበልጣል ጎንበስ አለ። የመቱት መሰለኝ። እሱ ግን እየሳቀ ነበር። ተመልሶ መጥቶ እንኳ መናገር አቃተው፤ ሆዱን ይዞ ሳሩ ላይ ተቀመጠ።

ከሰልፉ አንድ ሽማግሌ ወጥተው ፈረሳቸውን በዝግታ አቅርበው ወረዱ። አያ ተገኘ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ግምጃ ቤት በምትባል ከተማ አቅጣጫ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ።

"እንኳን ደህና መጡ" አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም፣ "መቼ ነው የሚሄዱት?"

"እሑድ" አልኩ ፈጥኜ።

"እሑድ ጥሩ ነው።"

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ከዳንግላ ስልክ ተደውሏል። ከአዲስ አበባ አንዲት ምሁር ካርታና ቧንቧ ይዛ፣ ለኑክሌር የሚሆን ሰፊ ሜዳ ልትመርጥ መጣች ተብሏል። ወሬው ሐሙስ ገበያውን ዞሮ አደረ። ሰዉ ኑክሌር ምን እንደሆነ ሁሉም በየራሱ ነው የተረዳው፤ ግማሹ ቦምብ ነው፣ ግማሹ ፋብሪካ ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ አዲስ የዛፍ ዘር ነው ብሎ ነበር አሉ። የተስማሙበት አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው የፈረሶቻቸው ግጦሽ ነው፣ አንድ ጊዜ ከታጠረ አይመለስም።

"ከዚህ በፊት ወንዝ ማዶ እንዲሁ አንድ ሰውዬ ላየው ነው ብሎ መጣ" አሉ አያ ተገኘ። "ጨዋ ሰው ነበር። አየው፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው አጥር ነው።"

ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም መሳቄን ተውኩ።

ካርታውን አውጥቼ ላሳያቸው ሳሩ ላይ ዘረጋሁት። ንፋሱ ቀድሞኝ አነሳው፣ ወደ ፈረሶቹ ወሰደው። አንድ ቦራ ፈረስ ደንግጦ ዘለለ፣ ከዚያ የፊት እግሩን ካርታው ላይ አሳረፈ። ስናነሳው ኮቴው ኑክሌር ካላቸው አገሮች ትልቁን ከነዋና ከተማው በስቶታል። ከፈረሰኞቹ መጀመሪያ አንዱ ፈንድቶ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም።

"ከሰዓት በኋላ ኑና ስሙ" አልኳቸው። "ሜዳችሁን ብወስድ እንኳ የት እንደማደርገው አላውቅም።"

መጡ። ፈረሶቹን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር አሰሯቸው፤ ተማሪዎቹ ከእኔ ይልቅ በመስኮት ፈረሶቹን ነው የሚያዩት። አዳራሹ ሞላ። የተቀደደውን ካርታ ሰቀልኩ።

እንዲህ አልኳቸው። ኑክሌር ያለው አገር ያንን ቦምብ ማስፈራሪያ አድርጎ ይይዘዋል። ግን ጎረቤቱ አንዲት ኮረብታ ቢወስድበት፣ ለአንዲት ኮረብታ ብሎ ዓለምን ያቃጥላል ብሎ የሚያምን የለም። ስለዚህ ጎረቤቱ ዛሬ አንድ ኮረብታ፣ ነገ አንድ ወንዝ እያለ ይጠጋል። ለዚህ ነው ቀዮቹ አገሮች ሁሉ እግረኛ፣ ታንክ፣ መርከብ የሚቀልቡት። ኮረብታው ላይ የቆመ ወታደር "እዚህ ጋ በቀላሉ አታልፍም" ይላል። መሪዎቹንም ዝም ከማለትና ሁሉን ከማቃጠል ሌላ ሦስተኛ መንገድ ይሰጣቸዋል፤ የማሰቢያ ጊዜ ይገዛላቸዋል። ደግሞም አስጠነቀቅኋቸው፦ ጦሩ ከልክ በላይ ከበዛና ድንበር ላይ ከተጠጋ፣ ያኛው ወገን "ሊቀድሙኝ ነው" ብሎ ቶሎ ወደ ቦምቡ እጁን ሊሰድ ይችላል። መከላከያ የመሰለው ነገር ራሱ ማቀጣጠያ ይሆናል። ስለዚህ ብዛቱ ብቻ ሳይሆን አቋቋሙም ነገር አለው።

"ጠዋት የእኛ አቋቋም እንዴት ነበር?" አለ ከፈረሰኞቹ አንዱ።

"ትንሽ ራቅ ብትሉ ጥሩ ነበር" አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቀጥዬም ኑክሌር ያላቸው ሁለት ጎረቤት አገሮች ወታደሮቻቸው ተራራ ላይ በዱላና በድንጋይ መደባደባቸውን ነገርኳቸው። ይህን ማንም አላመነኝም። "በዱላ?" አሉ። "በዱላ፣ ጥይት እንዳይተኮስ ተስማምተው ስለነበር" አልኩ። አያ ተገኘ ዱላቸውን አንስተው በአዲስ ዓይን ተመለከቱት።

ከኋላ አንዲት ሴት እጅ አወጡ። ወይዘሮ ይታይሽ ይባላሉ፤ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፣ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ ነበር።

"ልጄ ወታደር ነው። ድንበር ላይ ነው ያለው" አሉ። "እንዳልሽው ከሆነ እዚያ የተቀመጠው እንዳይዋጋ ነው?"

"ቢዋጋ እንደሚከብድ ከታወቀ ማንም አይመጣበትም። ሐሳቡ ይሄ ነው።"

"ሐሳቡ?"

"አዎ፣ ሐሳቡ።"

"ይሳካል?"

"ብዙ ጊዜ ተሳክቷል። አንዳንዴ ግን አይሳካም።"

"ያልተሳካ ዕለትስ?"

ለዚህ ሰሌዳ ላይ የምስለው ቀስት የለኝም። "ያልተሳካ ዕለት ጥይቱ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው" አልኩ። "ሌላ ብልዎት ልዋሽዎት ነው።"

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። "እንግዲያው እንዲሳካ ንገሪልኝ" ብለው ተቀመጡ። ለማን እንደምነግር አልገለጹም፤ እኔም አልጠየቅሁም። 

ቅዳሜ

አያ ተገኘ ከትምህርቱ በኋላ፣ "አስፈራርተን ሳናበላ ከሸኘንዎት ነውር ነው" ብለው ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ትርፍ ፈረስ እየሳቡ መጡ። በጋሪ ብሄድ ይሻለኛል አልኩ። "ይህቺ ገር ናት፣ ሙሽራ የምትሸከም ናት" አሉኝ።

እውነት ገር ነበረች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከግምጃ ቤት ወዲህ አንዲት ቦይ ስትሻገር እኔ ሳልሻገር ቀረሁ። በጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ጋደም ብዬ ሰማዩን ሳይ፣ አያ ተገኘ ከላይ ሆነው "ተጎዳሽ?" አሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርስዎ ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ሆንኩ፤ አንቺነቱም እስከ መጨረሻው ጸና።

ባለቤታቸው እማማ ስንዱ ሲያዩኝ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። በሞቀ ውሃ እግሬን አጠቡኝ፣ ልብሴን ገፈው የራሳቸውን ቀሚስ አለበሱኝ። እሳቸው አጭር ናቸው፤ እኔ ረጅም ነኝ። ቀሚሱ ጉልበቴ ላይ ቀረ። በዚያ ሆኜ ገበያ ወሰዱኝ፤ አሮጊቶቹ እየጠሩ ጨርቅ ጎን ለጎን እያደረጉ ርዝመቱን ለኩልኝ፣ አንዷ መቀነቷን ፈታ ሰጠችኝ። አዲስ አበባ እንዲህ ሆኜ ብወጣ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ግምጃ ቤት ግን እንዳየ ይናገራል፣ ከተናገረ በኋላ ያስተካክልሻል።

ከምሳ በኋላ ጠላ እየጠጣን አያ ተገኘ፣ "ትናንት ፈርተሽ ነበር?" አሉኝ።

"በጣም።"

ደስ አላቸው፤ ለማስመሰል እንኳ አልሞከሩም። "ምን የምናደርግሽ መሰለሽ?"

"አላወቅሁም። እሱ ነው ያስፈራኝ። ምን ልታደርጉኝ ነበር?"

ዋንጫቸውን አስቀመጡና አሰቡ። "እኛም አላወቅንም" አሉ። "አልተነጋገርንበትም። መቆሙን ነው የተነጋገርነው።"

እኔ ውስጤ ተነሳሳ። ይህማ ትልቅ ነገር ነው፤ መጻሕፍት ተጽፈውበታል። ጠጋ ብዬ፣ "ጠመንጃ ሳትይዙ በዱላ ብቻ መምጣታችሁስ? ነገሩ እንዳይከር አስባችሁ ነው፣ አይደለም?" አልኳቸው።

"ኧረ" አሉ አያ ተገኘ። "ትምህርት ቤት አጠገብ ጠመንጃ ይዞ መሄድ ያሳስራል።"

እማማ ስንዱ ከጓዳ ሆነው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አያ ተገኘ አንገታቸውን ደፉ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩ።

"ጠመንጃውን የቆለፈችብኝ እሷ ናት፤ ቁልፉም እሷው ጋ ነው። አሁንም አልሰጥም ነው የምትለው" አሉ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ነው የተነሳሁት። ጸዳለ ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ይበልጣል ካርታውን ለትምህርት ቤቱ እንድተውለት ለመነኝ። ተማሪዎቹ የኮቴውን ቀዳዳ ማንም እንዳይለጥፈው አስምለውታል። ተውኩለት። ባዶ ቱቦ ይዤ መሄድ ግን ከሙሉው የባሰ ያጠራጥራልና እሱንም ሰጠሁት፤ ጸዳለ ለጣሪያቸው አሸንዳ ይሆናል አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ጨዋታ የሚወዱ ነበሩ። ጎልማሳ የበግ ነጋዴ ናቸው። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ፣ "የዚህን ሳምንት ጉድ ሰምተሻል?" አሉኝ።

"አልሰማሁም" አልኩ።

"ኑክሌር ሊተክሉብን መጥተው ነበር እኮ።"

"እነማን?"

"ሁለት ፈረንጆች። አንዱ ቀይ ጢም አለው። መሣሪያውን በቧንቧ ውስጥ ሸሽገው፣ ሜዳውን ለክተው ጨርሰዋል። ፈረሰኞቹ ከበቧቸው።"

"ተዋጉ?"

"ምን ያዋጋቸዋል! ቆሙባቸው። ዝም ብለው ቆሙባቸው። አንድ ፈረስ መሣሪያውን ረግጦ ሰበረው። ፈረንጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለቅሳሉ፤ እሑድ እንሄዳለን ብለው ማሉ።"

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ያዳምጣሉ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ "እኔም ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው" አለች።

በሙያችን ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። አንድ ነገር ሲፈጸም ማን እንዳደረገው ይታወቃል። ሳይፈጸም ሲቀር ግን ለምን እንደቀረ ማንም ማስረዳት አይችልም፤ ያስፈራው ጦር ነው፣ ወይስ ድሮም የሚመጣ አልነበረም? እኔ ግን በዚያች ሚኒባስ ውስጥ፣ ለዚህች አንዲት ጉዳይ፣ እውነቱን የማውቅ ሰው ነበርኩ። መናገር ይገባኛል ብዬ አፌን ከፈትኩ።

በመስኮቱ በኩል ሜዳው ያልፋል። ጉሙ ተነስቷል፤ ፈረሶቹ ያለ ኮርቻ ተበትነው ይግጣሉ። ያንን ወንዝ ማዶ ላየው ነው ብሎ የመጣውን ጨዋ ሰውዬ አሰብኩ፤ ነገ ከነገ ወዲያ የሚመጣውን ሌላውንም።

ሰውዬው "ምን ልትይ ነበር?" አሉኝ።

"ቀይ ጢም ያለውን እኔም አይቼዋለሁ" አልኩ። "ባሕር ዳር። እንደገና ኮሶበር አልደርስም እያለ ነበር።"

ሚኒባሱ ሙሉ አጨበጨበ።